የኡካ ወፎች ደም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መቱ ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ስለ ሰው ደም አይጠይቁኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደም አንብቤ፣ ለከተማው ግማሽ ሕዝብ "ወባ አለብህ፣ ወባ የለብህም" ስል ኖሬ፣ ስሜ የቀረው በወፍ ነው። "የወፍ ደም የምታዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" ይሉኛል። ነኝ እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ወፍ ደግሞ ምን ደም አላትና ነው?"

አላት። ከክንፏ ሥር ያለችውን ስስ የደም ሥር በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርጓት አንዲት ጠብታ ትወጣለች፤ ያቺ ጠብታ ለሁለት ስላይድ ትበቃለች። በጠብታዋ ውስጥ የኛን ወባ የመሰለ፣ ወደ ሰው ግን የማይተላለፍ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዷ ወፍ ተሸክማው ስትዘምር ትውላለች። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ከኢሉባቦር ጫካ ከተያዙት ወፎች ስንቶቹ ይህን እንደተሸከሙ አነብ ነበር። ስለዚያ ከማውራቴ በፊት ግን ማንበብን ማን እንዳስተማረኝ ልናገር። ያለዚያ ያጠፋሁት ጥፋት አይገባም።

ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ክልሉ እንደተመሠረተ፣ መሥሪያ ቤቶች ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዞሩ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እኔ መቱ ተወልጄ አፋን ኦሮሞን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ተምሬዋለሁ፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ግን ጽፌ አላውቅም። አንድ አርብ ኃላፊያችን ጠርቶ "ከሰኞ ጀምሮ መዝገቡ በቁቤ ነው" አለን። ሰኞ የጻፍኩትን ማክሰኞ ራሴም ማንበብ አቃተኝ። ደመወዙ የሚወራለት ስላልነበረ አላወራውም።

ያስተማሩኝ ጋሼ ከማል ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወባ ሲያዩ የኖሩ፣ በበቅሎ ከጎሬ እስከ ቆላው ድረስ እየወረዱ ደም ሲሰበስቡ ያረጁ ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው ከጅማ በኩል የመጣ የቡና ነጋዴ ነው። "ወንድሞቼ ቡና ሸጠው ቤት ሠሩ፤ እኔ ደም አይቼ መነጽር ገዛሁ" እያሉ ይስቁ ነበር።

ከማይክሮስኮፑ ጋር የነበራቸው ነገር ከሃይማኖት አይተናነስም። የሌንሱን መጥረጊያ ነጭ መሐረብ ራሳቸው ያጥቡታል፤ ሌላ ሰው ከነካው ያን ቀን አይጠቀሙበትም። አንዳችን "ፖዘቲቭ ነው" ካልን ከወንበራቸው ተነሥተው ይመጡና "አሳዪኝ" ይላሉ። "ያየሽውን ነገር መልሰሽ ካላገኘሽው አላየሽውም ማለት ነው።" ነጻ ስላይድ ላይ "የለም" ብለን እንድንጽፍ አይፈቅዱም ነበር። "አንቺ ማን ነሽና የለም ትያለሽ? አልታየም በይ።"

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የግራ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ሲጽፍ፣ ሻይ ሲያነሣ፣ ሲያክ፣ ግራ እጃቸው ከማይክሮስኮፑ የጥራት ማስተካከያ፣ ከትንሿ ማዞሪያ፣ ላይ አይወርድም፤ ወደ ፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ። እኔ ዓይኔን ተክዬ እጄን አሳርፌ ካዩኝ ጣቴን በእርሳስ ጫፍ መታ ያደርጉኛል።

"ስላይድ ጠፍጣፋ መስሎሽ ነው? ጉድጓድ ነው። ውረጂ፤ ውጪ። ደሙ የራሱ ጥልቀት አለው፤ የቀለም ቆሻሻ ከላይ ተንሳፎ ታገኚዋለሽ፤ ውሃ ደግሞ ስታዞሪው ያብለጨልጫል። ቆሞ የቀረ እጅ ሁሉንም አንድ ያደርግብሻል።"

ከእሳቸው ሥር ዓመት ከመንፈቅ ሠርቼ ገጠር፣ ዳሪሙ ወረዳ ተመደብኩ። መኪና የሚሉት ነገር በሳምንት አንዴ ቢታይ ነው፤ የቀረው በእግር ነው። ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከፀሐይ በመስታወት ስለነበር በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ደመና እስኪገለጥ እጠብቃለሁ። ዝናቡን ለሚያውቅ ኢሉባቦር ውስጥ ፀሐይ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። አንድ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ሕፃን አዝላ መጣች። በደብዛዛ ብርሃን አይቼ "አልታየም" ብዬ ሰደድኳት። ከሄደች በኋላ ሰማዩ ገለጥ ሲል ስላይዱን መለስኩና አገኘሁት። ነጩን ጋዋን እንደለበስኩ በእግር መንገዱ እየሮጥኩ፣ ባገኘሁት ሰው ሁሉ እየጠየቅኩ፣ ወንዙ ጋ ደረስኩባት። ልጁ ዳነ። አካባቢው ከዚያ ወዲያ "ዶክተር" ብሎ ጠራኝ፤ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

መቱ ስመለስ ስም ይዤ ተመለስኩ። "አስካለ ያየችው አይደገምም" ይባል ጀመር። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት፤ በመጨረሻ አመንኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሌሊሴ የመጣችው ጡረታዬ ስድስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባዮሎጂ እየረዳች ታስተምራለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የዱር ወፎችን የደም ጥገኛ ልታጠና ወስናለች። ላብራቶሪ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ አስካለ፣ ስላይድ የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ሁሉም ወደ እርስዎ ነው የሚልከኝ።"

"የምን ስላይድ?"

"የሲምቢሮ።"

ወፍ ማለቷ ነው። ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። አለቃዬን አስፈቅጄ ከሰዓት በኋላ ልሠራላት ተስማማን።

የመጀመሪያውን የወፍ ስላይድ ሳይ ደነገጥኩ። የሰው ቀይ የደም ሴል ክብ ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው፤ ጥገኛው ሲገባበት ወዲያው ይታያል። የወፏ ሞላላ ነው፤ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ጥቁር ወይን ጠጅ ፍሬ አለው። "ሌሊሴ፣ ይቺ ወፍ አልቆላታል፤ ሁሉም ሴል ተይዟል" አልኳት። ያን ጊዜ እሷ ሳቀች። ፍሬው የተፈጥሮዋ ነው። ጥገኛው ከፍሬው ጎን ተጠግቶ፣ አንዳንዱ እንደ ሻሽ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይገኛል። ያን ለመለየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ እንደ ተማሪ በደብተር እየሳልኩ ተማርኩ፤ ደስም አለኝ።

በመቱ ዙሪያ ያሉትን ጨርሰን ኡካ ወረድን። ኡካ የሐሉ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከዳገቱ ሥር አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። መረቡን የሚተክሉልን ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ቡና ገበሬ ነበሩ፤ ወፍ በየት አልፋ ውሃ እንደምትጠጣ ያውቃሉ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነውን መረብ ንጋት ላይ በሁለት ቀርከሃ መሐል ይዘረጋሉ፤ የተያዘችውን በጣታቸው ፈትተው በጨርቅ ከረጢት ያመጣሉ።

"አዴ አስካለ፣" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ "ሰው ደሙን ስትወስጂ ምን እንዳመመው ትጠይቂዋለሽ። ይቺን ማን ጠየቃት?"

"እርስዎ ይጠይቁልኝ።"

ከረጢቱን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። "ቶሎ በይ ትላለች።"

እውነታቸውን ነው። ወፍ በከረጢት ውስጥ ብዙ ከቆየች ትሞታለች። ስለዚህ ችኮላ ነበር፤ መውጋት፣ ጠብታዋን መቀባት፣ ማድረቅ፣ ሜታኖል ውስጥ መንከር፣ ወፏን መልቀቅ፣ ቀጣዩን ከረጢት መክፈት። ሜታኖሉ ደሙን ስላይዱ ላይ ያጸናዋል። ይህ ፈሳሽ ግን አንድ አመል አለው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። በየቀኑ ጥቂት ቀድቶ፣ ጠርሙሱን ወዲያው ከድኖ፣ የተረፈውን መድፋት ነው ደንቡ። ኡካ በዚያ ወቅት ያጠብነው ልብስ ሦስት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም ነበር። እኔ ደግሞ ወፎቹ ሲደራረቡብኝ ሰፊ አፍ ያለውን የመስታወት ማሰሮ ሞልቼ፣ ክዳኑን አንሥቼ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ተውኩት። በማግሥቱም ያንኑ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መቱ ተመልሼ ሳነብ የኡካ ወፎች ደም በጥገኛ የተሞላ ሆነ። በየሴሉ ትንሽ ነጭ ክብ፣ ጠርዟ ጠቆር ያለ፤ ገና ያላደገ ጥገኛ ነው አልኩ። ሌሊሴ ቀድማ "ሸለቆው እርጥብ ነው፣ ትንኙ ብዙ ነው፣ ኡካ ላይ የተያዙት ቁጥር ከፍ ማለት አለበት" ብላኝ ነበር። እኔም የምትጠብቀውን ሳገኝላት ደስ አለኝ። በየቀኑ ስትመጣ ከበሩ ላይ "ዛሬስ?" ትላለች፤ "ዛሬም አለ" እላታለሁ፤ ትስመኛለች። ይህን የምጽፈው ምክንያት ለማቅረብ አይደለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የግራ እጄ የት እንደነበረ አላስታውስም፤ ማዞሪያው ላይ ግን አልነበረም።

ሌሊሴ ጽሑፏን አዘጋጀች። የጥናቷ ልብ ኡካ ሆነ፤ በእርጥብ ሸለቆና በደጋው መሐል ያለው ልዩነት። አማካሪዋ በጣም ወደደው። የሚቀራት መፈተን ብቻ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ሥራ ቦታዬ የአንዲት ሴትዮ ስላይድ እያየሁ ነው። የሰው ደም ነው። ሜታኖል አልቆብን ስለነበር ከኡካ የተረፈውን ማሰሮ አምጥቼ ተጠቅሜአለሁ። ሴሎቹ ውስጥ ትንንሽ ነጭ ክቦች አየሁ፤ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ። ወባ ግን አይመስሉም፤ የወባዋ ቀይ ነጥብ የለቻቸውም። ማዞሪያውን ነካ ሳደርገው ሁሉም እንደ ብርጭቆ ስባሪ አብለጨለጩ። ውሃ ነው።

እነዚያን ክቦች የት እንዳየኋቸው አውቄአለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ የኡካን ሳጥን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ስላይድ አድርጌ ማዞሪያውን አዞርኩ፤ አብለጨለጨ። ሁለተኛው አብለጨለጨ። አሥራ አምስት ያህል አይቼ ሳጥኑን ዘጋሁት። ውሃ የጠጣ ሜታኖል ሴሎቹን ሁሉ አበላሽቷቸዋል፤ እውነተኛ ጥገኛ ያለባት ወፍ ብትኖር እንኳ መለየት የሚቻል አልነበረም።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ስላይዶቹን ከኔ በቀር የሚያነብ ሰው መቱ ውስጥ የለም። ሳጥኑ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ልጅቷ ትመረቃለች፤ እኔ ስሜን ይዤ ጡረታ እወጣለሁ። ብናገር እሷ ዓመቷን ታጣለች፤ እኔ ደግሞ ያ "አይደገምም" የተባለልኝ ነገር ይቀርብኛል። በአሥረኛው ቀን ጋሼ ከማል ሱቅ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው ጨርቃጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ዓይናቸው በሞራ ደክሞ ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚቆርጡት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ቆረጡ፤ አጠፉ፤ ለደንበኛው ሰጡ። ከዚያ "ለማን ነገርሽ?" አሉኝ።

"ለእርስዎ።"

"ለኔ ምን ያደርግልኛል? ስላይዱ የኔ ነው?"

"የሌሊሴ ነው።"

"እንግዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

ከሱቁ ወጥቼ ባጃጅ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ሌሊሴን ቢሮዋ ውስጥ በወረቀት ያወጣችውን ጽሑፏን ስታስተካክል አገኘኋት። ተቀመጪ ሳትለኝ ተናገርኩ። ማሰሮውን፣ እርጥበቱን፣ የሴትዮዋን ስላይድ፣ ዘጠኙንም ቀን። ተከትላኝ ላብራቶሪ መጣች፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀምጣ ራሷ አዞረች። አምስት ስላይድ አየች።

"ያኔውኑ እንዳወቁ ለምን አልነገሩኝም?" አለች ዓይኗን ሳታነሣ።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔስ? ለኔ ማን ይፍራልኝ?"

ለአማካሪዋ ደወለች፤ ፈተናው ተሰረዘ፤ የኡካ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ከመጀመሪያው እንዲደገም ተወሰነ። ከዚያ ቀን ወዲያ "እትዬ" ማለት ተወች፤ "ወይዘሮ አስካለ" ሆንኩ። ያ ከስድብ በላይ አመመኝ። ሌላ አንባቢ ከሌላ ከተማ እንድታስመጣ ለመንኳት። "ማንን?" አለች። "ራስዎ ያነባሉ። እኔ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አሳዩኝ እላለሁ።"

እንዳለችው አደረገች። ኡካ ተመለስን፤ ኦቦ ዲንቃ መረቡን ዘረጉ፤ እኔ በየማለዳው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሜታኖል ቀድቼ፣ ከድኜ፣ ቀትር ላይ ደፋሁ። መቱ ስንመለስ ሌሊሴ እያንዳንዱን ያገኘሁትን ከጎኔ ሆና አየች። ግራ እጄ ሲደክመኝ በቀኙ እያገዝኩ ማዞሪያውን አዞርኩ። ውጤቱ ወጣ። ኡካ ከመቱ አይለይም። ሸለቆውም ደጋውም አንድ ነው፤ ያ አማካሪዋ የወደደው ነገር ሁሉ ውሃ ነበር።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ግማሹ ሰው የማውቀው የጤና ሠራተኛ ነው። ሌሊሴ አቀረበች። ከሌላ ከተማ የመጡት ሽበታም ፈታኝ ገጽ ገልጠው፣ "የኡካ ናሙና ሁለት ጊዜ ተወስዷል ይላል። ለምን?" ብለው ጠየቁ። "የኬሚካል ችግር ነበር" ብላ ታልፈዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ለሷም ይቀላት ነበር፤ ለኔም።

"የመጀመሪያው ንባብ ስህተት ነበር" አለች። "ያነበበችው ባለሙያ ከኋላ ተቀምጣለች። ስህተቱን የነገረችኝም እሷው ናት።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ፈታኙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"እርስዎ ከመናገርዎ በፊት ያወቀ ሰው ነበር?"

ቆምኩ። "የለም።"

"ታዲያ ለምን ተናገሩ?"

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፤ "አየሁት። ካየሁ በኋላ አልታየም ብዬ መጻፍ አልችልም። ለዚያውም ዘጠኝ ቀን ሞክሬ ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። ፈታኙ አልሳቁም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ይቀመጡ" አሉኝና ወደ ሌሊሴ ዞሩ፤ "ሌላ ጥያቄ የለኝም።" አለፈች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ካፊያ ነበር። ሰው እያቀፋት፣ ፎቶ እያነሣት ቆየና ወደ በረንዳው ጥግ፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣች። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበር የያዘችው።

"እትዬ፣ አንድ ዓመቴን በልተውብኛል።"

"አውቃለሁ።"

"አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኖሮ አልናገርም ነበር።"

ነጠላዬን አንሥቼ ካፊያው እንዳያርሳት ራሷ ላይ ጣል አደረግኩላት።

"አሁን ትናገሪያለሽ" አልኳት።